«የሼርቡር ጃንጥላዎች» ስለ ተባለው የፈረንሳይ ፊልም የተደረገ ንግግር



ባለፈው ሳምንት አብረን ስላየነው ስለ «የሼርቡር ጃንጥላዎች» ጥቂት እንድንናገር ማኅበራችን ስላዘዘን በፊታችሁ ቆመናል። ፊልሙን ያላዩ እንዳሉ ስለምናውቅ ታሪኩን በአጭሩ መተረካችን አይቀርም፤ ያዩትም ታግሠው እንዲሰሙን እንለምናለን። ዓመቶችን ስንጠራ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑ ይታወቅልን።

ፊልሙ አልቆ መብራት እንደ በራ ሁለት ዐይነት ወሬ ሰማን። አንደኛው «መልኩ ቆንጆ ነው፤ ዘፈኑም ጆሮ ይስባል፤ ግን ቁም ነገር የለውም፥ ከረሜላ ነው» የሚል ነበር። ሁለተኛው በተለይ ከወንዶቹ ወገን የመጣ ሲሆን «ያች ልጅ ከዳተኛ ናት፤ አንድ ዓመት እንኳ አልጠበቀችውም» የሚል ነው። እኅቶቻችንም ዝም አላሉም፤ አንዲቱ «ሆዷን ይዛ የት ትድረስ ኖሯል?» ብላ መለሰች። ክርክሩ እስከ እራት ደረሰ፤ ከእራትም በኋላ ቀጠለ። እኛ ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ለሁለቱም ወሬዎች መልስ ለመስጠት ነው። መልሳችን ለሁሉ የሚጥም ላይሆን ይችላል።

በመጀመሪያ ስለ ሰዎቹ። የፊልሙ ደራሲና አዘጋጅ ዣክ ደሚ በ1931 ተወለደ፤ ያደገውም ናንት በምትባል በምዕራብ ፈረንሳይ ባለች የወደብ ከተማ ሲሆን አባቱ ጋራዥ ነበረው። ስለዚህ በፊልሙ መጀመሪያ የምናየው ጋራዥ፥ ዘይት የነካው ልብስና የሞተሩ ድምፅ ከመጽሐፍ የተቀዳ አይደለም። ሙዚቃውን የደረሰው ሚሼል ለግራን ነው፤ እርሱም በ1932 ተወልዶ በ2019 ዐረፈ። ሁለቱ ሰዎች ይህን ሥራ ሲጀምሩ ሠላሳ ዓመት ገና ማለፋቸው ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየተዘፈነ የሚሄድ ፊልም ለመሥራት ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ማግኘት ቀላል አልነበረም፤ በመጨረሻ የደፈረችው ማግ ቦዳር የምትባል ሴት ናት። ፊልሙ በ1963 ተነሥቶ በ1964 ለሕዝብ ታየ፤ በዚያው ዓመት በካን ከተማ በሚደረገው የፊልም ውድድር ታላቁን ሽልማት ተቀበለ።

እንግዲህ ወደ ዘፈኑ እንምጣ፤ ብዙዎቻችሁን ያስገረመው እርሱ ነውና። በዚህ ፊልም ውስጥ እንዲሁ በተራ ድምፅ የሚነገር አንድም ቃል የለም። መካኒኩ ለደንበኛው ስለ መኪናው ሞተር ሲያስረዳ ይዘፍናል። እናት ልጅዋን ስትቈጣ ትዘፍናለች። ዕዳ ሲቈጠር፥ ሐብል ሲሸጥ፥ እራት ሲቀርብ ሁሉ ዜማ ነው። ቤንዚን ቀጂው ልጅ የትኛውን ዐይነት ቤንዚን እንደሚቀዳ ሲጠይቅ እንኳ በዜማ ይጠይቃል። ደሚ ራሱ የተመልካቹን ግርምት አስቀድሞ ያወቀ ይመስላል፤ ገና በመጀመሪያው ትርኢት ከመካኒኮቹ አንዱ፥ ሰው ሁሉ የሚዘፍንበትን ኦፔራ እንደማይወድና ሲኒማ እንደሚሻለው ይናገራል፤ ይህን የሚለውም እየዘፈነ ነው። በአዳራሹ ውስጥ እዚህ ላይ የሳቅነው ጥቂቶች ብቻ ነበርን።

በአሜሪካ የሙዚቃ ፊልሞች ሰዎቹ እንደ ማንኛውም ሰው ሲነጋገሩ ይቈዩና ደስታ ወይም ኀዘን ሲበዛባቸው ድንገት ተነሥተው ይዘፍናሉ፥ ይጨፍራሉም። ዘፈኑ ሲያልቅ ወደ ቀድሞው ንግግር ይመለሳሉ። ተመልካቹ «አሁን ዘፈን ሊመጣ ነው» ብሎ ለመዘጋጀት ይችላል። በደሚ ፊልም ግን በንግግርና በዘፈን መካከል ደንበር የለም፤ ጭፈራም የለም። ከዐሥር ደቂቃ በኋላ መዘፈኑን ረስተን የሚባለውን ብቻ እንሰማለን። ለነገሩ ለእኛ አገር ሰው ይህ ብዙ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። በለቅሶ ቤት አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ «ለምን በግጥም ትናገሪያለሽ? እንዲያው በደኅናው አማርኛ አትነግሪንም ወይ?» የሚላት ሰው የለም። እኅል የምትፈጭ ሴት ብሶቷን ለወፍጮዋ በእንጉርጉሮ ስትነግረው ያልሰማ የገጠር ልጅ ከመካከላችን አይገኝም። ኀዘን በዜማ ሲነገር ውሸት ይሆናል ያለን ማን ነው?

ስለ አሠራሩም አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ሙዚቃውና ዘፈኑ ሁሉ ፊልሙ ከመነሣቱ በፊት ተቀርጾ አልቆ ነበር። ዘፋኞቹ ሌሎች፥ ተዋንያኑ ሌሎች ናቸው። ዥንቪየቭን ሆና የምትጫወተው ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ገደማ የነበረችው ካትሪን ደኔቭ ናት፤ የምንሰማው ድምፅ ግን የዳንየል ሊካሪ ነው። ጊን የሚጫወተው ኒኖ ካስቴልኑኦቮ የሚባል ጣሊያናዊ ሲሆን ድምፁ የዦዜ ባርቴል ነው። የእናቲቱን ድምፅ የሰጠችው የሙዚቃው ደራሲ እኅት ክሪስትያን ለግራን ናት። ተዋናዩ ካሜራ ፊት ሲቆም የእያንዳንዱ ቃል ርዝመት፥ የእያንዳንዱ ዝምታ ልክ አስቀድሞ ተወስኖለታል። ማልቀስ ቢፈልግ ሙዚቃው በፈቀደለት ልክ ያለቅሳል፤ ከፍቅረኛው ፊት ጥቂት ልቈይ ቢል ባቡሩና ዜማው አይጠብቁትም። ይህ በጥበብ የተደረገ ይሁን በአሠራሩ ግድ እኛ አንፈርድም፤ ነገር ግን ጊዜያቸውን ሌላ ሰው ለለካባቸው ለእነዚህ ሁለት ልጆች ታሪክ የተስማማ ሆኖ አግኝተነዋል።

ታሪኩ በሦስት ክፍል የተከፈለ ነው፤ መሄድ፥ መራቅ፥ መመለስ። በኅዳር ወር 1957 ሼርቡር በተባለችው በሰሜን ፈረንሳይ የባሕር ወደብ ጊ የሚባል የሃያ ዓመት መካኒክ ከታመመች አክስቱ ጋር ይኖራል። ማድሌን የምትባል ዝምተኛ ልጅ አክስቱን ታስታምማለች። ጊ ዥንቪየቭን ይወዳል፤ እርስዋም ትወደዋለች። የዥንቪየቭ እናት ማዳም ኤምሪ የጃንጥላ ሱቅ አላት፤ ዝናብ በማይጠፋበት አገር ጃንጥላ ሸጣ መክበር ሲገባት ዕዳ ውስጥ ተነክራለች። (ይህ የደሚ ቀልድ ይመስለናል።) እናቲቱ ልጅዋ ገና ሕፃን ናት፥ መካኒኩም ምንም የለው ብላ ነገሩን ትጠላለች። ሁለቱ ልጆች ግን ትዳራቸውን፥ የሚወልዱትን ልጅ፥ የልጁንም ስም ሳይቀር ያስባሉ። በአንድ ትርኢት በመንገድ ላይ እግራቸውን ሳያነሡ እንደሚንሳፈፉ ሆነው ሲሄዱ ታያላችሁ፤ አንዳንዶች በዚህ ሳቁ። እኛ ግን ከሚወዱት ሰው ጋር በማታ ሲሄዱ መሬቱ የሚረሳ መሆኑን ከዚህ የበለጠ እንዴት አድርጎ ማሳየት እንደሚቻል አናውቅም።

ከዚያ የጥሪው ወረቀት ይመጣል። ጊ ለውትድርና አገልግሎት ወደ አልጄሪያ መሄድ አለበት፤ ሁለት ዓመት። ሊሄድ ሲል ያለችውን አንዲት ሌሊት አብረው ያድራሉ፤ በማግሥቱ በባቡር ጣቢያው ይሰነባበታሉ። ባቡሩ ሲነሣ ካሜራው ከጊ ጋር ይሄዳል፤ ልጅቱ በመድረኩ ላይ እየራቀች፥ እያነሰች ትቀራለች። የዚያች ስንብት ዜማ ኋላ በዓለም ሁሉ ተዘፍኖአል፤ ፊልሙን ፈጽሞ ያላዩ ሰዎች እንኳ ያፏጩታል።

በሁለተኛው ክፍል ዥንቪየቭ ፀንሳለች። ደብዳቤ እየጠፋ ይሄዳል። ሮላን ካሳር የሚባል የጌጣ ጌጥ ነጋዴ ቀደም ሲል ከዕዳው ቀን በፊት የእናቲቱን ሐብል ገዝቶ አድኖአት ነበር፤ ልጅቱንም ያፈቅራል። በጥምቀት በዓላቸው ሰሞን በሚቈረሰው ኬክ ውስጥ ትንሽ ነገር ደብቆ መጋገር የፈረንሳዮች ልማድ ነው፤ የደረሰው ሰው የዕለቱ ንጉሥ ወይም ንግሥት ይሆናል። ለዥንቪየቭ ደረሳት፤ የወረቀት ዘውድ ጫኑላት፤ ንጉሥ ምረጪ ሲሏት በማዕዱ ላይ ከነጋዴው በቀር ወንድ አልነበረም። ደሚ ይህን የሚያሳየው እንደ ቀላል የቤት ጨዋታ ነው፤ ማንም አልጮኸባትም፥ ማንም አላስገደዳትም። ነገር ግን የምትመርጠው አንድ ብቻ የሆነ ምርጫ ምን እንደሚመስል ከዚያች ዘውድ ይልቅ የሚገልጽ ነገር በፊልሙ ውስጥ አላየንም።

ካሳር መፅነስዋን ዐውቆ፥ የሚወለደውንም እንደ ልጄ አሳድጋለሁ ብሎ ያገባታል። ወደ ፓሪስ ይሄዳሉ። ጊ በ1959 እግሩ ቈስሎ እያነከሰ ሲመለስ ሱቁ ተሸጦአል። ሥራውን ይጥላል፥ ይጠጣል፥ ከአንዲት የመጠጥ ቤት ሴት ጋር ያድራል፤ የሴቲቱም እውነተኛ ስም ዥንቪየቭ ሆኖ ይገኛል። ሲነጋ ወደ ቤቱ ሲመለስ አክስቱ ሞታ ትጠብቀዋለች። ቀስ በቀስ በማድሌን ርዳታ ሰው ይሆናል፤ ያገባታል፤ አክስቱ በተወችለት ገንዘብ ቤንዚን ማደያ ይከፍታል።

አሁን ወደ ፍርዱ። «ከዳተኛ ናት» ያላችሁ ጓደኞቻችን ልብ ያላላችሁት ነገር አለ እንላለን። ዥንቪየቭ በመሄጃው ጊዜ ዐሥራ ሰባት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ ናት። የምትሠራው ሥራ የላትም፤ የምትኖረው በእናትዋ ቤት፥ የምትበላው ከእናትዋ ሌማት ነው። በ1958 ፈረንሳይ ውስጥ ያለ ጋብቻ የፀነሰች ልጅ ምን እንደሚባልባት ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ በየሰፈራችን ያለውን ማስታወስ ይበቃል። የሚጽፈው ሰው ደግሞ አይጽፍም። እርስዋ ራስዋ በፊልሙ ውስጥ የምታዝነው በጊ ሳይሆን በገዛ ራስዋ ነው፤ ፊቱ እየጠፋባት ስለ ሄደ፥ ሥዕሉን ሳታይ መልኩን ማስታወስ ስላቃታት ትደነግጣለች። ከዳተኛ ሰው ይህ አያስደነግጠውም።

እናቲቱንስ? እዚህ ላይ በመካከላችንም ልዩነት አለ። አንዳንዶቻችን ማዳም ኤምሪን የደብዳቤውን መጥፋት በደስታ የተቀበለች፥ ልጅዋን ለዕዳዋ የሸጠች ሴት አድርገን አየናት። ሌሎቻችን ደግሞ የፀነሰች ልጅ ይዛ ሱቅዋ ሊዘጋ የደረሰባት እናት ሌላ ምን ታድርግ አልን። ደሚ ክፉ ሰው አድርጎ አልሣላትም፤ ሞኝነት ቢኖርባትም ለልጅዋ የምታስበው በእውነት ነው። እንዲያውም ሁላችንን ያስቸገረን በዚህ ፊልም ውስጥ የሚጠላ ሰው መጥፋቱ ነው። ከተወዳዳሪው ጋር ለመጣላት የተዘጋጀ ተመልካች ሮላን ካሳርን ሲያይ ይፈታል። ይህ ሰው ደሚ በ1961 በሠራው «ሎላ» በተባለው ፊልም ውስጥ የነበረ ነው፤ ያንንም ይህንንም የተጫወተው ማርክ ሚሼል ነው። በዚያ ፊልም ሎላ የምትባለውን ሴት ወዶ ሳያገኛት ቀረ፤ ናንትን ትቶ ሄደ። ስለዚህ ወደ ጃንጥላው ሱቅ የገባው ገንዘብ ያለው ጨካኝ ሰው ሳይሆን፥ ከጊ በፊት ጊ የሆነ ሰው ነው። ለማዳም ኤምሪ ያለፈ ፍቅሩን ሲነግራት ካሜራው ለጥቂት ጊዜ ወደ ናንት ተመልሶ ሰው የሌለበትን የሱቆች መተላለፊያ ያሳየናል።

እንግዲያስ ጥፋተኛው ማን ነው? «ቁም ነገር የለውም» ላሉት መልሳችን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጊንና ዥንቪየቭን የለየው ጦርነት ነው፤ ያውም ስም የሌለው ጦርነት።

የአልጄሪያ ጦርነት በኅዳር 1954 ተጀምሮ በመጋቢት 1962 ተኩስ ቆመ፤ በሐምሌ 1962 አልጄሪያ ነጻ ወጣች። በእነዚያ ዓመቶች የፈረንሳይ መንግሥት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ወጣቶችን ለውትድርና እየጠራ ባሕር አሻግሮአል። የአገልግሎቱም ጊዜ ከሁለት ዓመት በላይ የሚዘልቅበት ጊዜ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን መንግሥቱ ነገሩን ጦርነት ብሎ አልጠራውም፤ «ጸጥታ የማስከበር ሥራ» ይለው ነበር። ሕጉ ተሻሽሎ «የአልጄሪያ ጦርነት» የሚለው ስም በሕግ የተጻፈው በ1999 ነው። አስቡት፤ ጊ በእግሩ ላይ የተቀበለው ቍስል ስሙን እስኪያገኝ አርባ ዓመት ጠበቀ ማለት ነው።

ፊልም ሠሪዎችም ስለዚህ ነገር እንደ ልብ መናገር አይችሉም ነበር። ዣን ሉክ ጎዳር በ1960 ያነሣው «ትንሹ ወታደር» የተባለው ፊልም እስከ 1963 ታግዶ ቈይቶአል። በ1958፥ ማለት በፊልሙ ዥንቪየቭ ደብዳቤ ስትጠብቅ በነበረበት በዚያው ወራት፥ ጋዜጠኛው ሄንሪ አለግ በፈረንሳይ ወታደሮች እጅ የተሠቃየውን ሥቃይ የጻፈበት መጽሐፍ ታትሞ ወዲያው ተይዞአል። እንግዲህ ደሚ ጦርነቱ በቆመ በሁለተኛው ዓመት ሕዝብ በሚወደው ዜማና በሮዝ ቀለም ሸፍኖ «አልጄሪያ» የሚለውን ቃል በየሲኒማ ቤቱ አስገባ። ባሎቻቸውንና ወንድሞቻቸውን የላኩ ሴቶች ተቀምጠው አዩት። ይህ ከረሜላ ነው የምትሉ፥ ከረሜላው ውስጥ ያለውን እንድትቀምሱ እንለምናችኋለን።

ነገር ግን ደሚን ያለ ነቀፋ ልናልፈው አንችልም፤ እኛ አፍሪቃውያን ነንና። በዚህ ፊልም ውስጥ አንድም አልጄሪያዊ አይታይም። አልጄሪያ ደብዳቤ የማይመጣበት ሩቅ አገር ነው፤ የፈረንሳይ ልጅ ሄዶ እያነከሰ የሚመለስበት። በዚያ በኩል የሞቱት፥ መንደራቸው የተቃጠለባቸው፥ እነርሱም ባቡር ጣቢያ ባይኖራቸው በየደጃፋቸው ቆመው ልጆቻቸውን የሸኙ ስንት ናቸው? ቍጥራቸው ዛሬም የሚያከራክር ቢሆንም በመቶ ሺሕ የሚቈጠር መሆኑን ማንም አይክድም። ፊልሙ በተነሣበት በዚያው በ1963፥ በግንቦት ወር፥ የአፍሪቃ መሪዎች እዚህ አዲስ አበባ ተሰብስበው የአፍሪቃ አንድነት ድርጅትን ሲመሠርቱ የአልጄሪያው መሪ አህመድ ቤን ቤላ በመካከላቸው ነበሩ፤ ነጻ ላልወጡት አገሮች ወገን ሆነው ያደረጉት ንግግርም በጉባኤው ከተደረጉት ሁሉ ሲጠቀስ የኖረ ነው። እኒህ ሰው ጊ ወደ አልጄሪያ በዘመተበት በ1957 በፈረንሳይ እስር ቤት ውስጥ ነበሩ። የሼርቡርን ባቡር ስናይ ይህንንም አብረን ማሰብ አለብን። ደሚ የሚያውቀውን የራሱን ወደብ ሣለ፤ የወዲያኛውን ዳርቻ መሣል የሌሎች ሥራ ነው፥ ያም ሆኖ ባዶነቱ ይታያል።

ስለ ቀለሙ ጥቂት እንበል። የሼርቡር ቤቶች እንዲያ ሮዝና አረንጓዴ ሆነው አይደለም የተገኙት፤ ቤርናር ኤቨን የተባለው የትርኢት ሠዓሊ ግድግዳዎችን አስቀብቶአል። የክፍሎቹ የግድግዳ ወረቀትና የሰዎቹ ልብስ እየተያዩ የተመረጡ ናቸው፤ ዥንቪየቭ በፀነሰችበት ጊዜ የለበሰችው አበባማ ቀሚስ ከግድግዳው ወረቀት ጋር ተመሳስሎ ልጅቱ በእናትዋ ቤት ግድግዳ ውስጥ የገባች የምትመስልበት ትርኢት አለ። በመጨረሻው ክፍል ግን ቀለሙ ሁሉ ይረግፋል፤ በረዶ፥ ነጭ መብራት፥ ጥቁር ሌሊት ብቻ ይቀራል።

የሚገርመው የፊልሙ ቅጂ ራሱ ይህ ዕጣ ደርሶበት ነበር። በዚያን ዘመን የሚሠራበት ባለ ቀለም ፊልም ዓመት በሄደ ቍጥር እየደበዘዘ የሚጠፋ ዐይነት ነው። ደሚ ይህን አስቀድሞ በማወቁ ሦስቱን መሠረታዊ ቀለሞች ለየብቻ በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ አስቀርጾ አስቀምጦ ነበር፤ ጥቁርና ነጭ አይደበዝዝምና። እርሱ በ1990 ከሞተ በኋላ ሚስቱ አኜስ ቫርዳ፥ ራስዋም ታላቅ ፊልም ሠሪ የነበረች፥ እነዚያን ቅጂዎች አስፈልጋ ቀለሙን እንደ ገና አስመለሰች፤ በ2013 ደግሞ በአዲሱ የኮምፒዩተር ዘዴ ታደሰ። ባለፈው ሳምንት ያያችሁት ሮዝ ቀለም ከዚህ የተገኘ ነው።

ይህ ፊልም ልጆች አፍርቶአል። ሁሉን አንቈጥርም፤ አንዱን ግን ሳንጠቅስ አናልፍም። በ2007 ክሪስቶፍ ኦኖሬ የተባለው ፈረንሳዊ «የፍቅር ዘፈኖች» የሚል ፊልም ሠራ፤ የዘፈኖቹ ደራሲ አሌክስ ቦፓን ነው። ኦኖሬ ፊልሙን በሦስት ክፍል ከፈለው፤ የክፍሎቹም ስም መሄድ፥ መራቅ፥ መመለስ ነው፥ ቃል በቃል ከደሚ የተወሰደ። በፓሪስ የሚኖር ኢስማኤል የሚባል ወጣት አለ፤ የሚወዳት ዡሊ አንድ ሌሊት ከዘፈን ቤት ስትወጣ ልብዋ ቆሞ በመንገድ ላይ ትሞታለች። እዚህ ባቡር የለም፥ ዘመቻ የለም፥ የሚወቀስ መንግሥት የለም። የመጀመሪያው ክፍል «መሄድ» የተባለው በእርስዋ ሞት ነው፤ ተመልካቹም የክፍሉን ስም መጀመሪያ ሲያነብ ይህ አይገባውም። ቀሪው ፊልም ኀዘንተኛው ከዡሊ ቤተ ሰብ ሲሸሽ፥ በመጨረሻም ኤርዋን የሚባል ተማሪ ሲያፈቅረውና እርሱም ሲቀበለው ያሳያል። አንዳንዶቻችሁ በዚህ ታጉረመርሙ ይሆናል፤ ኦኖሬ ግን ኀዘንተኛ መጽናኛውን ካሰበበት እንደማያገኝ ነው የሚያሳየው። የሟችዋን ታላቅ እኅት፥ ኀዘኑን መተው ያልቻለችውን፥ የምትጫወተው ኪያራ ማስትሮያኒ ናት፤ እርስዋም የካትሪን ደኔቭ ልጅ ናት። እናትየዋ በ1964 ከወደቡ ሄደች፤ ልጅየዋ በ2007 በፓሪስ መቃብር ላይ ቀረች። እኛ ከሁለቱ የደሚውን እናስበልጣለን፤ ሞት የሚያስለቅሰው ማንንም ነውና፥ በሕይወት እያሉ መተላለፍን ማስለቀስ ይከብዳል።

የመጨረሻውን ትርኢት ላላዩት እንንገር፤ ከዚያ በኋላ ለክርክር መድረኩን እንለቃለን። ታኅሣሥ 1963፥ የልደት በዓላቸው ዋዜማ ነው። በረዶ ይጥላል። በጊ ቤንዚን ማደያ ውስጥ ማድሌን የገና ዛፍ ታስጌጣለች፤ ከዚያ ፍራንስዋ የሚባለውን ትንሽ ልጃቸውን ይዛ ለእግር ጉዞ ትወጣለች። አንዲት ውድ መኪና ትገባለች። በውስጧ ዥንቪየቭ አለች፥ ጠጕርዋን እንደ ትልቅ ሴት ሠርታ፥ ካፖርት ደርባ፤ አጠገብዋ የተቀመጠችው ሕፃን ፍራንስዋዝ ትባላለች። ስሞቹን ልብ በሉ፤ ሁለቱም ልጆች ጊና ዥንቪየቭ ገና ሲዋደዱ የመረጡትን ስም ይዘዋል፤ አንዱ ሌላው እንደ ጠበቀው ሳያውቅ። ሁለቱ ከብርዱ ሸሽተው ወደ ቢሮው ይገባሉ። የሚባባሉት ጥቂት ነው። እርስዋ እናትዋ መሞትዋን ትነግረዋለች። ሕፃንዋ እርሱን እንደምትመስል ትነግረዋለች። በመካከሉ የማደያው ልጅ በሩን ከፍቶ ምን ዐይነት ቤንዚን እንደሚቀዳ ይጠይቃል፤ መልስ ይሰጠዋል። ልጅቱን ልታያት ትፈልጋለህ ወይ ትለዋለች፤ ጊ ራሱን ይነቀንቃል፥ አይሆንም። በበሩ ላይ ዘወር ብላ ደኅና መሆኑን ትጠይቀዋለች፤ ደኅና ነኝ ይላታል። መኪናዋ ትሄዳለች። ማድሌንና ልጁ ይመለሳሉ፤ ጊ ወጥቶ ከልጁ ጋር በበረዶው ይጫወታል፤ ካሜራው ወደ ላይ እየራቀ ይሄዳል።

በመጨረሻ ያልተስማማንበትን ሳንደብቅ እንነግራችኋለን። ከእኛ ገሚሶቹ ጊ የገዛ ልጁን አላይም ማለቱን እንደ ጭካኔ ቈጥረንበታል፤ ሕፃንዋ ምን በደለች? ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጣለች፤ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ማየት ምን ይጎዳዋል? ገሚሶቹ ደግሞ ቢያያት ከዚያች ሌሊት በኋላ የማድሌን ቤት ቤት አይሆንም ነበር፤ ያልተመለከተው ልጅቱን ስለ ናቀ ሳይሆን አንድ ጊዜ ካየ ዐይኑን ሊነቅል እንደማይችል ስላወቀ ነው እንላለን። ከመምህራን አንዱ ይህን ሲሰሙ «ያንን ለማወቅ እናንተ ገና ልጅ አላሳደጋችሁም» አሉን፤ መልስ አላገኘንላቸውም። እንግዲህ የምትሉት ያላችሁ እጃችሁን እያወጣችሁ ተነሡ፤ ሰዓቱ ስለ ገፋ ለአንድ ሰው ከአምስት ደቂቃ በላይ አንሰጥም።